ለልቅሶ የተቀመጠው እንሰት

«አቶ አሳምነው!» አለች ገነቴ፣ መሬቱን በከዘራዋ እየወጋች። «አገር ምድሩ እየሰማ፣ አቶ አሳምነው! ለዚያ እንሰት አንድ ቅርጫት እበት ተሸክሞ የማያውቅ ሰውዬ!»

አቶ አሳምነው ልጇ ነው፤ ከጎኗ እየሄደ ነው። ነገሩን ካነሳች ዓመት ሊሞላት ስለሆነ መልስ መስጠቱን ትቶታል።

ከኋላቸው የመንደሩ ጎረምሶች አንድ ግዙፍ እንሰት ከነሥሩ በቃሬዛ ተሸክመው፣ ወደ ሆሳዕና የሚያስገባውን ዳገት እያለከለኩ ይወጣሉ። ቅጠሉ ከላይ ተቆርጧል፤ ግንዱን ፀሐይ እንዳይመታው ገነቴ የራሷን ጋቢ አልብሳዋለች። እሷ ግን ከፊት መሄዱም አላስቻላት። ጥቂት ትሄድና ትመለሳለች፣ ጋቢውን ታስተካክላለች፣ አንዱን ጎረምሳ «ትከሻህን አስተካክል፣ አዘመምከው» ብላ ትቆጣለች፣ እንደገና ወደ ፊት ትሮጣለች።

ባለፈው ጥር፣ በሆሳዕናው የእርሻ ትርኢት፣ የገነቴ እንሰት አንደኛ ወጥቶ ነበር። በድምፅ ማጉያው የተጠራው ግን የልጇ ስም ሆነ። አሳምነው ኮቱን ቆልፎ ወጣ፤ ከአውራጃው ገዥ እጅ አዲስ ዶማ ተቀበለ፤ ሰው አጨበጨበ። እሷ አጥሩ ሥር፣ ከታሰሩት አህዮች ጋር ቆማ አየች። ቤት ሲገቡ ዶማውን «እንኪ አማ፣ ያንቺ ነው» ብሎ አቀበላት። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አንገበገባት። የገዛ እንሰቷን ዋጋ ልጇ ቸር ሆኖ ሲሰጣት!

ስለዚህ ዘንድሮ ያመጣችው እንዲሁ አንዱን እንሰት አይደለም። ጉድጓዱን ቆፍሮ የተከለው ሟቹ ባሏ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ልፋት የለፋችው እሷ ናት። በአገሩ ዕድሜው የገፋ ሰው ከጓሮው አንድ ትልቅ እንሰት ለይቶ ለገዛ ልቅሶው ያቆያል። የሞተ ዕለት ጎረቤት ካከማቸው ቆጮ ለቀስተኛውን ያበላል፤ ሴቶቹ ደግሞ የሟቹን እንሰት ነቅለው እዚያው እየተላቀሱ ይፍቁና የተበላውን ቆጮ ይተካሉ። ይሄ የገነቴ የልቅሶ እንሰት ነው።

ጠዋት ሲነቀል ምራቷ ጵርስቅላ ራሷን ይዛ ነበር።

«አማ፣ ለልቅሶዎ ያስቀመጡትን? ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ ሰው ምን ይበላል?»

«እቤቱ በልቶ ይምጣ!»

«ኧረ እግዚአብሔርን ይፍሩ!»

«እፈራዋለሁ። እሱ ግን ረሳኝ። እንሰቱ ዘንድሮ ካልተነቀለ ያብባል፤ አብቦ መና ሊቀር ነው። እኔ ደግሞ አልሞትኩም። ምን ላድርግ? ለእንሰት ብዬ ልሙት?»

ዳገቱ አናት ላይ በበቅሎ የሚሄድ አንድ የማያውቁት ሰው አገኛቸው። ቃሬዛውን፣ ነጩን ጋቢ፣ ላብ ያጠመቃቸውን ጎረምሶች አየና ከበቅሎው ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ማን አረፈ?»

ጎረምሶቹ ተያዩ። ገነቴ ግን ቀደመቻቸው።

«ገነቴ ናት! የአሳምነው እናት! የልቅሶ እንሰቷም ተነቅሏል፤ ልቅሶው ትርኢቱ ሜዳ ላይ ነው። ሂድ፣ ለሆመቾ አገር ሰው ሁሉ ንገር!»

ጎረምሶቹ በሳቅ ሲፈርሱ ቃሬዛው ሊገለበጥ ደረሰ። ሰውዬው ግን ከሆመቾ በኩል የመጣ ነበርና ገነቴን በመልክ አያውቃትም፤ አልሳቀም። አንገቱን ደፍቶ በቅሎው ላይ ወጣና ወደ ከተማው ቀደማቸው።

«አማ፣ አሁን ይሄ ቀልድ ነው?» አለ አሳምነው።

«ስሜን እኔ ካልጠራሁት ማን ይጠራዋል?»

ሜዳው ደጃፍ ሲደርሱ ሰው እንደ ገበያ ቀን ይተራመሳል። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ የድንኳኑን ሸራ ያርገበግባል። ከሙዱላ የመጣ ዝንጅብል በጆንያ ተዘርግቷል፤ የፎንቆ ገበሬዎች የስንዴ ነዶ ይዘው ተሰልፈዋል፤ አንድ ቀይ የፈረንጅ ኮርማ ሰው ሁሉ ከቦት ጭራውን ይወነጭፋል። ሽማግሌዎች የሌላውን አገር በቆሎ ፈልፍለው በጥርሳቸው ይሞክራሉ፤ «ዘሩን ከየት አመጣኸው?» ይባባላሉ። በጓሮ ድንበር የሚኳረፉ ሰዎች እዚህ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተው በሬ ያደንቃሉ። ገነቴ ለማየት እየጓጓች እንዳላየች ሆና አለፈች። ኮርማው ጋ ስትደርስ ብቻ «እግሩ ቀጭን ነው» አለች።

በአጥሩ በር ላይ ከእርሻ ክፍል የመጣው አቶ ብዙነህ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። ከሸዋ መጥቶ እዚህ የቆየ፣ ትሕትና ያለው ወጣት ነው፤ ጠዋቱን ሙሉ ግን ሰው ሲጮህበት ውሏል።

«የማን እንሰት ነው፣ እናቴ?»

«የኔ።»

«መሬቱ በማን ስም ነው ማለቴ ነው።»

«መሬቱን አላመጣሁም። እንሰት ነው ያመጣሁት።»

በሰልፉ ያለ ሰው ሳቀ። ብዙነህም ፈገግ ብሎ አሳምነውን አየው። «ያምናው አሸናፊ አይደሉም እንዴ? እንግዲያው አቶ አሳምነው ብለን...»

«እሱን ምን ታየዋለህ? እኔን እይ! አፍ ያለኝ እኔ ነኝ።»

«ደንብ ሆኖብኝ ነው እናቴ። የጓሮው ምርት በግብር ከፋዩ ስም ነው የሚቀርበው።»

«ያ ኮርማ ያደገው የማንን ሣር በልቶ ነው?»

«የመንግሥትን... የእርባታ ጣቢያውን።»

«በል እንግዲያው፣ ኮርማውንም በጃንሆይ ስም ጻፈውና ይውጡና ዶማ ይቀበሉ!»

ብዙነህ ደንግጦ በድንኳኑ ምሰሶ ላይ ወደ ተሰቀለው የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ ዞር አለ፤ ከዚያ ግራ ቀኙን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ይተዉኝ፣ ልጅ አለኝ» አላት። «የሴቶቹን ነገር የያዙት ወይዘሮ አሰገደች ናቸው፤ እሳቸውን ያናግሩ። እሳቸው ካሉኝ እኔ ምን ቸገረኝ። እስከዚያ ግን ማስገባት አልችልም።»

እንሰቱ ከአጥሩ ውጭ፣ ዋርካው ጥላ ሥር ወረደ። ጎረምሶቹ ትከሻቸውን እያሹ ወደ ኮርማው በረሩ።

«አንተ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል» አለችው ልጇን። «ጥላው ሲዞር ጋቢውን አዙርለት። የተነቀለ እንሰት ፀሐይ አይወድም።»

«እሺ አማ።»

«እሺ አትበለኝ፣ ቁም!»

ወይዘሮ አሰገደችን ፍለጋ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞረችው። አንዱ «ገዥውን ሊቀበሉ ሄደዋል» ይላታል፣ ሌላው «አሁን እዚህ ነበሩ» ይላታል። ዳኞቹ ስንዴውን ጨርሰው ወደ በቆሎው ሲሻገሩ ከሩቅ አየች፤ ከበቆሎ ቀጥሎ እንሰት ነው። ልቧ ዋርካው ሥር፣ እግሯ ሜዳው ውስጥ፣ ሰው እየገፋች፣ ሰው እየገፋት በመጨረሻ የእጅ ሥራው ድንኳን ውስጥ አገኘቻት። ወይዘሮ አሰገደች የአውራጃው ጸሐፊ ሚስት ናት። ነጭ ልብስ ለብሳ፣ ተረከዙ ረጅም ጫማ ተጫምታ፣ በሰፌድና በሸክላ መካከል ቅቤ እያሸተተች ትፈርዳለች። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቀደም ሲል ለውድድር የቀረቡ የቀርከሃ የእንሰት መፋቂያዎች ተደርድረው ነበር፤ አሁን ቦታው ባዶ ነው። ገነቴ አየችው፤ ግን ቦታ አልሰጠችውም።

የገነቴ አማርኛ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለውም። ሕፃኑንም ዳኛውንም አንተ ብላ ነው ያረጀችው።

«አሰገደች አንቺ ነሽ?»

አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ክው አሉ። ወይዘሮዋ ግን የባልቴቷን ፊት አይታ ተወችው። «ነኝ እናቴ። ምን ልርዳዎ?»

ገነቴ ነገረቻት፤ ያምናውንም የዘንድሮውንም፣ ዶማውንም ጭምር።

«እንግዲህ ሴቶች የሚወዳደሩት በእጅ ሥራ ነው» አለች አሰገደች። «ቅቤም አለ። እንሰት በወንዶቹ በኩል ነው፤ ዳኞቹም ወንዶች ናቸው።»

«ወንድ እንሰት ሲፍቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ እንጃ። ሲፋቅም አይቼ አላውቅ።»

«ቆጮ በልተሽስ ታውቂያለሽ?»

«ከክትፎ ጋር፣ አንዳንዴ...» አለች ወይዘሮዋ፣ ፊቷ ቀላ ብሎ።

«አፍሽ ያውቀዋል ማለት ነው። እጅሽ ነው የማያውቀው። ያ ደረትሽ ላይ የተለጠፈው ምን ይላል?»

አሰገደች ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች፤ ጠዋት ሲለጥፉላት ያላነበበችው ይመስል ትንሽ ቆየች።

«የአቶ ወልደሰንበት ባለቤት ይላል።»

«አንቺም?» አለች ገነቴ።

ወይዘሮዋ እጇ ላይ የቀረውን ቅቤ በመሐረብ ጠረገችና «እስቲ ይምጡ» ብላ ቀድማ ወጣች፤ ተረከዟ አፈሩ ውስጥ እየሰመጠ። ብዙነህ ጋ ደርሰው ሲነጋገሩ ገነቴ በሁለቱ መካከል አንገቷን አስግጋ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ታያለች። በመጨረሻ ብዙነህ እጁን ወደ ሰማይ አነሳ።

«እሺ! ዳኞቹ አሁን ይዩት። አንደኛ ከወጣ በእናታችን ስም ይጠራል። እኔ ራሴ እሄዳለሁ።»

ገነቴ አላመሰገነችም፤ ሮጠች። ሁለቱ ዳኞች፣ ብዙነህና አሰገደች ተከተሏት። የአጥሩን ጥግ ሲዞሩ ግን ዋርካው ሥር ልቅሶ ሰሙ። ተራ ጩኸት አይደለም፤ የሀዲያ ሴት ለእኩያዋ የምታወርደው ለስላሳ ሙሾ ነው፣ በመሐሉ ጭርር፣ ጭርር የሚል የቀርከሃ ድምፅ ያለበት።

የተቆረጡ የእንሰት ቅጠሎች በገመድ ላይ ተሰቅለው መጋረጃ ሆነዋል። አሳምነው ከመጋረጃው ወዲህ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ኮርማውን ለጥቂት ላይ ብዬ...» አለ። «ስመለስ ጀምረዋል። ሴቶች እንሰት ከሚፍቁበት ወንድ ምን ብሎ ይገባል? ከዚህ ሆኜ ጮህኩ፤ 'አይዞህ ልጄ፣ ሐዘን ነው' ይሉኛል!»

ገነቴ ቅጠሉን ገልጣ ገባች። ሴቶች፣ የሆመቾም የፎንቆም፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጭን ሰብስበው ቅጠል ላይ ተቀምጠዋል። የእንሰቷ ግንድ ተላጦ፣ ተዘርግቶ፣ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ይፋቃል፤ መፋቂያውን ከእጅ ሥራው ድንኳን ነው ያነሱት። ነጩ ፍቅፋቂ ቅጠሉ ላይ ተከምሯል። ሥሩና ከሥሩ በላይ ያለው ግማሽ ግንድ ብቻ አልተነካም። ከሁሉ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ እጇ ግን ሳያርፍ የምትፍቀው ጣቢታ ናት፤ አብራት ያደገች፣ ሆመቾ በኩል ካገባች ወዲህ ለዘመናት ያላየቻት የልጅነት ጓደኛዋ።

«ገነቴ፣ ምላሰ ረጅሟ፣ ሳንታረቅ ሄድሽ ወይ...» ትላለች ጣቢታ።

«በምን ተጣልተን ነበር?» አለች ገነቴ።

ጣቢታ ቀና አለች። መፋቂያው ከእጇ ወደቀ። ከዚያ የጮኸችው ጩኸት በሜዳው ማዶ ኮርማውን አስደነበረው አሉ።

«ባለ በቅሎው! ባለ በቅሎው ነው የነገረን! በቃሬዛ አይቻታለሁ፣ ነጭ ለብሳለች፣ እንሰቷም ተነቅሏል አለ! ለትርኢት መጥቼ አንቺን ልቅበር? የልቅሶ እንሰትሽ ዋርካ ሥር ወድቆ፣ ዘመድ የሌለሽ ይመስል ማንም ሳይነካው ባየው ጊዜ...»

«ደረስሽለት።»

«እንዴት አልደርስለትም!»

ከሴቶቹ አንዷ ቀሚሷን ነከሰች፣ ሌላዋ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ዋርካው ሥር ያለው ልቅሶ ሁሉ ሳቅ ሆነ። ገነቴ አልሳቀችም። እንሰቷን ዞረችው። ስንት ሌሊት ጅብ እንዳይቆፍርበት የነቃችለት፣ በስንት በጋ ያጠጣችው ግንድ! ዳኛ ሳያየው! መቆጣት ፈለገች፤ ማንን ትቆጣ? ወሬውን ያወጣው የገዛ አፏ ነው።

«አማ!» አለ አሳምነው ከመጋረጃው ማዶ። «ይቁሙ በያቸው! የቀረውን ግንድ ከነሥሩ ጎረምሶቹ ያስገቡታል። ግማሹም ቢሆን ከሌላው ሰው ሙሉ ይበልጣል!»

«እውነት ነው» አለ ብዙነህ። «ዳኞቹ ደግሞ እዚህ ሊገቡ አይችሉም።» እሱም ጀርባውን ሰጥቷል። አምና ሳያውቅ ከመፋቂያ ቦታ ገብቶ በእንሰት ልጣጭ እየተደበደበ ወጥቷልና ትምህርቱን አልረሳም። «ያልታየ አይፈረድበትም፣ እናቴ። ይውጣና ይታይ። ስምዎንም ቃል ገብቻለሁ።»

ሴቶቹ መፋቂያቸውን ይዘው ገነቴን ጠበቁ። አንድ ቃል ብትል ይነሳሉ። ጣቢታ ተጠግታ በሹክሹክታ፣ «አስወጪው» አለቻት። «ለኔ ብለሽ እንዳትተዪው። ደግሞ ሌላም ልለምንሽ ነበር፤ ሙት አይለመንም ብዬ ተውኩት እንጂ። ጓሮዬ አልቋል፣ ገነቴ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው፣ ሌላው። ትርኢቱ ላይ ደህና ዘር ያለው ሰው አላጣም ብዬ ነው ከሆመቾ የወጣሁት።»

ገነቴ እፍኝ ሙሉ ፍቅፋቂ ከክምሩ አነሳች። ጨመቀችው። ከጣቶቿ መካከል የወጣው እንደ ወተት ነጭ ነበር። ለረጅም ጊዜ አየችው። አምና እንሰቷ እንደ ዘበኛ ተገትሮ ነው የተሸለመው፤ ይሄን ውስጡን ያየለት ሰው አልነበረም።

«ጓሮዬ ችግኝ ሞልቶታል» አለች። «ከዚህ አብረን እንሄዳለን፤ የምትሸከሚውን ያህል ውሰጂ። ለማልቀሱም ምንም አልልሽም፣ ጥሩ አልቅሰሻል። መሐል ላይ ግን ትንሽ ሰነፍሽ።»

«እየፋቅኩ እኮ ነው ያለቀስኩት!»

«ጠጋ በይ።»

ከዘራዋን ዋርካው ላይ አስደገፈች። ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ቅጠሉ ላይ ተቀመጠች፣ የወደቀውን መፋቂያ አነሳች።

«አማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አሳምነው።

«ልቅሶዬ ላይ እየሠራሁ!»

«እና ለእውነተኛው ልቅሶሽስ?»

«ዶማ ሸልመውሃል፤ ትከልልኛ!»

ከመጋረጃው ማዶ ብዙነህ ለዳኞቹ አንድ ነገር ሲል፣ ዳኞቹም ወደ በሬዎቹ ሲመለሱ ተሰማ። አንዲት ጥላ ግን አልሄደችም። ቅጠሉ ገለጥ አለና ነጭ ልብስ፣ አፍንጫ ላይ የተያዘ መሐረብ፣ አፈር የነካው ረጅም ተረከዝ ታየ። ወይዘሮ አሰገደች አንድ እግሯን አስገብታ፣ አንዱን ውጭ ትታ ቆመች።

«እኔ... እኔ ልግባ ይሆን?» አለች። «ስለ እንሰት ግን ምንም አላውቅም።»

ገነቴ መፋቋን ሳታቆም ሽቅብ አየቻት።

«ዳኛ ነሽ አይደለሽም?»

«የቅቤ ነኝ።»

«እዚህ የሚገባ ዳኛ ካንቺ ሌላ የለም። ጫማሽን አውልቂ። መሐረቡንም ከአፍንጫሽ አንሺው። ነይ እዚህ ተቀመጪ፣ ይሄን በእጅሽ ጨምቂው፣ ካልገባሽ ጠይቂኝ። ጥሩ ካልሆነም ጥሩ አይደለም በይ፣ አልጣላሽም። ከዚያ ወጥተሽ ድምፅ ማጉያውን ከዚያ ከበሩ ልጅ ተቀበዪውና ስሜን አንቺ ራስሽ ጥሪው። ገነቴ በይ። የእገሌ እናት፣ የእገሌ ሚስት ብለሽ እንዳትጠሪኝ፤ ገነቴ ብቻ!»